ቀለም ያልነካው አውራ ጣት

በመጀመሪያ በዚህ ነገር ውስጥ ያለነውን ሰዎች አንድ በአንድ ላስተዋውቅ። ስም አልጠራም። ስም ከጠራሁ ክስ ይመስልብኛል፤ የምጽፈው ደግሞ ለመክሰስ አይደለም።

አንደኛዋ ልጄ ናት። ጠበቃ ናት፤ ዓይነ ስውርም ናት። ሁለቱን ነገር አከታትዬ የምናገረው እሷ ራሷ እንዲያ ስለምትናገር ነው። ሁለተኛዋ ከወንጪ የመጡ አንዲት ባልቴት ናቸው። ከሟች ባላቸው ወንድም ጋር በእርሻ መሬት የሚካሰሱ፣ ለልጄ የመጀመሪያ ደንበኛ የሆኑ ሴት ናቸው። ሦስተኛው የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ወጣት ነው፣ ሰው አያመናጭቅም፣ ጉቦም አይቀበልም። አራተኛው ዳኛው ናቸው። አምስተኛዋ ባለቤቴ፣ የልጄ እናት ናት። የመጨረሻው እኔ ነኝ፤ አምቦ ውስጥ የብረት በርና መስኮት እየበየድኩ የምኖር ሰው። ነገሩ የሆነበትን ፍርድ ቤት አልናገርም። በምዕራብ ሸዋ ካሉት ከተሞች በአንዱ ነው፤ ይህ ይበቃል።

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ከሲሚንቶ ከረጢትና ከቀለም ቆርቆሮ ላይ ነው። ሰው የጣለውን ጋዜጣ እያነሳሁ፣ ያላወቅሁትን ቃል መንገደኛ እያስቆምኩ እየጠየቅሁ ነው ማንበብ የቻልኩት። ከዚያ በፊት በቀን ሠራተኛነት ደመወዝ ስቀበል አውራ ጣቴን ሐምራዊ ቀለም ላይ እጫን ነበር። ቀለሙ በሳሙና አይለቅም። በጋዝ ስታሸው ይደበዝዛል፤ በጥፍር ሥር ግን ይቀራል። ምሳ ስበላ ያንን ጣት አጥፌ እበላ ነበር። ስሜን በእጄ ጽፌ ደመወዝ የተቀበልኩበትን ቀን ከሠርጌ ቀን አላሳንሰውም። ስሙን በእጁ የማይጽፍ ሰው ሌላው ያሻውን ይጽፍበታል ብዬ አምናለሁ። ልጆቼንም ያሳደግሁት በዚህ እምነት ነው።

ልጄን በሕፃንነቷ ኩፍኝ ዓይኗን ወሰደው። በቤተ ክርስቲያናችን እጅ ጭነው የጸለዩላት ብዙ ናቸው፤ እኔም ጸልያለሁ። ሲነጋ ግን ትምህርት ቤት የሚቀበላት ፍለጋ ወጣሁ። ራቅ ባለ ከተማ ለዓይነ ስውራን የተከፈተ አዳሪ ትምህርት ቤት ተገኘ። ብሬል እዚያ ተማረች። ክረምት ላይ ስትመጣ ደግሞ እኔ ከስስ ላሜራ ላይ ለአንድ መስመር የሚበቃ ቀዳዳ ቆርጬ፣ ጠርዙን እጅ እንዳይቆርጥ በሞረድ አለስልሼ ሰጠኋት። ላሜራውን ወረቀት ላይ ታስቀምጥና በቀዳዳው ውስጥ ፊርማዋን ትለማመዳለች።

“ጠማማ ነው፤ ድገሚ” እላታለሁ።

“አባ፣ የሐኪም ፊርማ አይተህ ታውቃለህ?”

“አንቺ ሐኪም አይደለሽም። ድገሚ።”

ትደግማለች። እናቷ ልጅቷን ገደልካት እያለች ትቆጣለች። እኔ አልተውኩም። በመጨረሻ ያለ ላሜራው እንኳ ቀጥ ብሎ የሚቆም ፊርማ አወጣች፤ እውነቱን ለመናገር ከእኔ ፊርማ ያምራል።

ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሕግ ተማረች። የጥብቅና ፈቃድ ፈተናውን አልፋ ፈቃዷን ተቀበለች። በዞናችን የፍርድ ቤቱ ሥራ በኦሮምኛ ነው፤ ኦሮምኛው ደግሞ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ስልኳ ሰነዱን ሁሉ በፈረንጅ አፍ ያነብላታል። የሚለው ነገር ለእኔ እንደ ዶሮ ጫጫታ ነው። እሷ ግን እንዲያውም ፍጥነቱን ትጨምርበታለች። እናቷ ጓዳ ሆና “ይሄ ፈረንጅ ዛሬም አልደከመውም?” ትላለች።

ባልቴቷ አምቦ ገበያ ላይ ወሬዋን ሰምተው መጡ። ወንጪ ሐይቅ ለማየት ለሚመጣ እንግዳ ፈረስ እያከራዩ የሚኖሩ፣ ቀልድ አዋቂ ሴት ናቸው። ቢሮዋ ገብተው ገና ሳይቀመጡ፣ “ሌሎቹ ጠበቆች ጫማዬን አይተው ነው ዋጋ የሚናገሩት። አንቺ እንግዲህ ጫማዬን አታዪው” አሏት።

“አላየውም፤ ግን ሲገቡ ድምፁን ሰምቻለሁ” አለቻቸው። “አዲስ ነው።”

ባልቴቷ ሳቁ፤ በዚያው ውል ተዋዋሉ።

በሥር ፍርድ ቤት ተረትተው ነበር፤ የሚቀራቸው ይግባኝ ነው። ይግባኝ ደግሞ ቀን አለው፤ ቀኑ ካለፈ መሬቱም ያልፋል። ልጄ ማመልከቻውን ጻፈች፣ አሳተመች፣ ፈረመች። መንገዱን ልመራት አብሬያት ሄድኩ፤ ባልቴቷም መጡ። የይግባኙ የመጨረሻ ቀን ነበር።

መስኮቱ ጋ ደርሰን ወረቀቱን ሰጠች። ሠራተኛው ገልበጥ ገልበጥ አደረገውና የመጨረሻው ገጽ ላይ ቆመ።

“ጠበቃዋ ማን ናት?”

“እኔ ነኝ።”

“የፈረምሽውም አንቺ ነሽ?”

“አዎ።”

ከእኛ በፊት የነበረውን ጠበቃ “እርስዎ” ሲለው ሰምቼ ነበር፤ ልጄን “አንቺ” አላት። እሷም ሳትሰማው አልቀረችም።

“እህቴ፣ አትቀየሚኝ” አለ። “ማየት ለተሳናቸው ሰዎች አሠራራችን የጣት አሻራ ነው። ሁለት የሚያዩ ምስክሮችም አብረው ይፈርማሉ። ላንቺው ጥበቃ ነው። ሰው የማታውቂውን ነገር ቢያስፈርምሽስ?”

“ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማን ነው የሚያታልለኝ፣ እኔ ራሴ?”

ወረፋ የያዘው ሰው ሳቀ። ሠራተኛውም ፈገግ አለ፤ ግን አልተበገረም። “ነገ አላየሁትም ብትይ ተጠያቂው እኔ ነኝ” አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። “ኦቦ፣ አባቷ ነዎት? ለምን እርስዎ አይፈርሙላትም?”

“እኔ ጠበቃ አይደለሁም። በያጅ ነኝ።”

“ግን ያያሉ አይደል?” አለኝ።

ያንን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በክፋት አልነበረም የተናገረው፤ የሚያዋጣን መፍትሔ ያገኘልን መስሎት ነው። የይግባኝ ምክንያት ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ስለሚያይ ብቻ መፈረም ይችላል፤ ዲግሪና ፈቃድ ያላት አትችልም። ፍርድ ቤት ደጃፍ ቆሞ ላስተዋለ ሰው፣ እዚያ የማይመጣ የሰው ዓይነት የለም። ከጊንጪ ጤፉን ሸጦ የሚመጣ ገበሬ አለ፤ ከደቡብ መጥቶ ኦሮምኛውን ገበያ ውስጥ የለመደ ሙስሊም ባለሱቅ አለ፤ በክራንች የሚመጣ፣ በሰው ትከሻ ተመርቶ የሚመጣ አለ። ካባ ለብሶ ስለ እነሱ የሚናገረው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ሰው ነው። ይህ ለምን እንደሆነ አስቤ አላውቅም ነበር። የዚያን ቀን መስኮቱ ጋ ቆሜ ገባኝ። ማንም ሰው አትግቡ ብሎ በር አልዘጋም። መንገድ ላይ ግን አንድ የቀለም ሳጥን ተቀምጧል።

ሠራተኛው ሳጥኑን ከፍቶ ወደ ልጄ ገፋ አደረገው። ልጄ እጅጌዋን ሰበሰበች። ጣቷን ዘርግታ ሳጥኑን ስትፈልግ አየሁና አንጓዋን ያዝኩ።

“አታትሚም!”

“አባ፣ እጄን ልቀቅ።”

“አንቺ አታትሚም አልኩ! ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ?”

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው” አለችኝ። “ጉዳዩ የእኔ አይደለም፤ ያንተም አይደለም። የእሳቸው ነው። ልቀቀኝ።”

ትክክል ነበረች። ትክክል መሆኗን እያወቅሁ አልለቀቅኋትም። የያዝኩት የእሷን እጅ ብቻ አልነበረም፤ ምሳ ሲበላ ጣቱን የሚያጥፈውን ወጣት እጅም አብሬ ይዤ ነበር። እንዲህ ተያይዘን ሳለን ባልቴቷ በመካከላችን ገቡ።

“ማሎ፣ እረፉ እባካችሁ! ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺም እረፊ” አሉ። “እኔ ራሴ ጣት አለኝ። ጠበቃ የያዝኩት ከዚህ ቀለም ልድን ብዬ ነው። ጠበቃዬም እንደ እኔ ጣት የምታትም ከሆነ ምን ልትሠራልኝ ነው?” ወደ ሠራተኛው ዞሩ። “ያለ ጠበቃ ይግባኝ ማለት ይቻላል?”

“ይቻላል፣ እናቴ። በራስዎ ስም።”

“እንግዲያው ወዲህ በለው።”

አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ተጭነው ወረቀቱ ግርጌ አሳረፉት። ሠራተኛው የልጄን ፊርማ ማስመሪያ አስቀምጦ ቀጥ ባለ መስመር ሰረዘው። የእስክሪብቶውን ድምፅ ሰምታ፣ “ምን እያደረገ ነው?” አለችኝ።

“ፊርማሽን እየሰረዘ ነው” አልኳት። ልጄን ዋሽቻት አላውቅም።

መዝገቡ ተከፈተ፤ ቀኑ አላለፈም። በሚኒባስ ስንመለስ፣ “ከእንግዲህ ጣቴን አልሰጥም” አለች። “ዛሬ ግን እሰጥ ነበር። ሁለቱንም እወቅልኝ።”

ቤት ስንደርስ እናቷ ነገሩን ሰምታ ተናደደች፤ የተናደደችው ግን በእኛ ነው። “ጣቷን ብታትም ትቆረጣለች? ልጅቷ ትሥራበት እንጂ! አንተ በየቦታው ጦርነት ትፈልጋለህ።”

“ዛሬ ጣት ያለ ነገ ሞግዚት አምጪ ይላታል።”

“ነገ የሚለውን ነገ ትሰማለች። ዛሬ የቢሮ ኪራይ አለባት” አለች። እሷም አልተሳሳተችም። ቤታችን ውስጥ በዚያ ሰሞን ማንም ያልተሳሳተበት ጠብ ሰነበተ።

የችሎቱ ቀን ባልቴቷ ብቻቸውን ቆሙ። የባላጋራቸው ጠበቃ ካባውን ለብሶ ከጎን አለ። እኔና ልጄ ኋላ አግዳሚው ላይ ተቀምጠናል። ዳኛው በዕድሜ የገፉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው።

“ጠበቃ የለዎትም እንዴ፣ አዴ?” አሏቸው።

“አለችኝ እንጂ። ያቻት፣ ኋላ ተቀምጣለች።”

“ታዲያ ለምን አትቀርብም?”

“መስኮቱ ጋ ስሟን ሰርዘውት።”

ልጄ ተነሥታ የሆነውን አስረዳች። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው አሰቡና፣ “ሕጉ ስለ ዓይነ ስውር ሰው ፊርማ የሚለው ነገር አለ፤ በዳኛ ፊት ከተፈረመ ግን ጥያቄ የለውም። እንግዲያው ነይ፣ አሁኑኑ በእኔ ፊት ፈርሚ። ነገሩ በዚሁ ያልቃል” አሉ።

ተገላገልን ብዬ ትንፋሼን ለቀቅሁ። እሷ ግን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

“ክቡር ፍርድ ቤቱን አመሰግናለሁ። የባላጋራዬ ጠበቃ የት ነው የፈረሙት?”

“መዝገብ ቤት፣ በመስኮቱ።”

“እኔም እዚያው ነው መፈረም የምፈልገው። ያ ሕግ የወጣው ዓይነ ስውር ሰው ተታሎ ውል እንዳይገባ ነው፤ ጠበቃ በሥራዋ እንዳትፈርም አይደለም። ዛሬ በእርስዎ ፊት ብፈርም ነገ ለእያንዳንዱ መዝገብ ዳኛ ስፈልግ ልኖር ነው። እንደ ማንኛውም ጠበቃ ፊርማዬን እንዲቀበሉኝ ትእዛዝ ይሰጥልኝ።”

የባላጋራው ጠበቃ ፈገግ ብሎ ተነሣ። “ክቡር ፍርድ ቤት፣ ባልደረባዬን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ያላዩትን ሰነድ...”

“በመልስዎ ሦስተኛ ገጽ ላይ የደንበኛዬ ሟች ባል በሕይወት እንዳሉ ጽፈዋል” አለችው። “እሱን እያዩ ነው የጻፉት?”

ችሎቱ በሳቅ ተናወጠ። ባልቴቷ፣ “ካሉማ ይምጡ፤ ፈረሶቹን ይጠብቁልኝ!” አሉ። ዳኛው ጠረጴዛውን መታ መታ አድርገው ዝም አሰኙ፤ እሳቸውም ግን ወረቀት የሚፈልጉ መስለው አንገታቸውን ደፍተው ነበር። መዝገብ ቤቱ ማብራሪያ እንዲያቀርብ አዘው ቀጠሮ ሰጡ።

ሰው በዚህ ጊዜ አጨበጨበልን። ጭብጨባ ቀላል ነው። ከባዱ ቀጠሮ ነው። በአንዱ ቀጠሮ ማብራሪያው አልደረሰም፤ በሌላው ዳኛው ስብሰባ ሄደዋል፤ በሌላው መዝገቡ ለጊዜው ጠፋ ተባለ። ወሬው በከተማው ዞረና “የእሷ ፊርማ አይሠራም” የሚል ሆኖ ተመለሰ። ሊዋዋሏት የነበሩ ሁለት ሰዎች ሌላ ጠበቃ ያዙ። በዚህ መካከል የባልቴቷ ሟች ባል ወንድም መሬቱን አረሰ፤ ገብስ ዘራበት፤ አጨደው።

ያን ሰሞን ባልቴቷ ቤታችን መጡ። ቀልድ አልነበራቸውም። የቀረበላቸውን ሳይነኩ፣ “ገብሴን ወሰደው” አሉ። “ኢንተለ ኮ፣ ዳኛው ፊት ፈርሚላቸውና ይብቃን። እኔ አሮጊት ነኝ።”

እኔ ልናገር ስል ልጄ እጇን አንሥታ አስቆመችኝ።

“እውነትዎን ነው” አለቻቸው። “ይህን ክርክር እርስዎ አላመጡትም፤ ዋጋውን ግን እርስዎ እየከፈሉ ነው። ሌላ ጠበቃ አነጋግሬያለሁ፤ ያለ ክፍያ ነገውኑ ይቆምልዎታል። የፊርማውን ጉዳይ እኔ ብቻዬን ለብቻው እቀጥላለሁ። አልቀየምም።”

ባለቤቴ ጠጋ ብላ፣ “ይቀበሉ፣ እናቴ። የእኛን ነገር ለእኛ ይተዉልን” አለቻቸው።

“ገብሱ ታጭዷል” አሉ ባልቴቷ። “ጠበቃ ብቀይር ተመልሶ ማሳው ላይ ይቆማል? አይቆምም። በዳኛ ፊት ቆሞ የተከራከረልኝ ሰው አሁን ብቻ ነው ያገኘሁት። እሱን ደግሞ እኔው ልጣለው?” ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “አንተ ግን ሁለተኛ እጇን እንዳትይዝ።”

“አልይዝም” አልኩ።

ማብራሪያው ደረሰ። ሠራተኛው የጻፈው እውነቱን ነው፤ ለዚህ አከብረዋለሁ። የጣት አሻራው አሠራር በጽሑፍ የትም የለም። ከእሱ በፊት የነበረው ሰው እንዲያ ሲያደርግ አይቶ ቀጠለበት፤ ያም ሰው ከእሱ በፊት ከነበረው ያየው ሳይሆን አይቀርም። ብዙ ሰው ሕግ ነው ብሎ የሚፈራው ነገር እንዲህ ነው፤ ግርጌው ላይ የማንም ፊርማ የለበትም።

ዳኛው ትእዛዙን አነበቡ። ፈቃድ ያለው ጠበቃ፣ ቢያይም ባያይም፣ በመስኮቱ በራሱ እጅ ይፈርማል። ጠበቃው ራሱ ካልጠየቀ በቀር ማንም የጣት አሻራ አይጠይቀውም። ልጄ ከዛሬ ጀምሮ በመዝገቡ ላይ ጠበቃ ሆና ትቀርባለች። መጨረሻ ላይ ስለ ወጪና ኪሳራ፣ “ወል ሃ ዳንደአን” ብለው ዘጉ፤ በአማርኛው ይቻቻሉ ማለት ነው።

እኔ ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። መቻቻል የሚለው ቃል በየሬዲዮው፣ በየግድግዳው፣ በየስብሰባው የሰማሁት ነው። ሁሉ ካለፈ በኋላ እኛኑ ቻሉ ሊሉን መስሎኝ ብድግ አልኩ።

“ክቡር ዳኛ! እኛ ብዙ ችለናል! አሁን እነሱ ይቻሉን!”

ልጄ ከጠበቆቹ ቦታ ሆና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ተናደደች ብዬ ነበር፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሳይ ግን እየሳቀች ነው። “አባ፣ ተቀመጥ” አለች። “ተዋደዱ ማለታቸው አይደለም። እያንዳንዱ የራሱን ወጪ ራሱ ይቻል ማለታቸው ነው።”

ዳኛው፣ “አባት ሆይ፣ የተናገሩትም ስሕተት አይደለም። ግን ይቀመጡ” አሉኝ። ተቀመጥኩ። ፊደል ብቻውን ተምሮ የመጣ ሰው እንዲህ ዓይነት ጉድጓድ አያጣውም፤ አላፈርኩበትም።

በማግስቱ ልጄ መስኮቱ ጋ ሄዳ ፈረመች። ሠራተኛው፣ “እዚህ ላይ ነው፣ ይፈርሙ” አላት፤ “ይፈርሙ” ነው ያላት። የመሬቱ ክርክር ቀጥሎ ባልቴቷ ድርሻቸውን አስመለሱ፤ የታጨደው ገብስ ግን አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ሌላ ዓይነ ስውር ወጣት በዚያው መስኮት ፈርሞ መዝገብ ሲያስከፍት አይቻለሁ። ስለ ፊርማው ማንም የጠየቀው የለም፤ እሱም ጥያቄ እንደነበረ አያውቅም።

መብት በነፃ ተገኘ ብሎ የሚያወራ ሰው ቢያጋጥማችሁ አትመኑት። ዳኛው እያንዳንዱ የራሱን ይቻል ብለዋልና እያንዳንዳችን የቻልነውን እጽፋለሁ። ባልቴቷ በታጨደው ገብስ ሃያ አንድ ሺህ ብር፣ በመጓጓዣና ፈረስ ሳያከራዩ በዋሉባቸው ቀናት ሦስት ሺህ ስድስት መቶ። ልጄ ጥለዋት በሄዱት ሁለት ደንበኞች አሥራ ሁለት ሺህ፣ ሥራ ሳይኖር በተከፈለ የቢሮ ኪራይ ዘጠኝ ሺህ፤ ኪራዩን እናቷ ከዕቁብ ደራሿ አውጥታ ነው የሸፈነችው። እኔ ሱቄን ዘግቼ በዋልኩባቸው ቀጠሮዎች ስድስት ሺህ አራት መቶ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ገንዘብ አልከፈለም፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል፤ ዋናውን ጥፋት ያላጠፋ ሰው ነውና ይህ እስከ ዛሬ ቅር ይለኛል። ዳኛው የከፈሉት ቢኖር አላውቅም። የቀረነው ሁላችን በድምሩ ሃምሳ ሁለት ሺህ ብር ከፍለናል።